ምን አገባን?

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍላችን ቡድን ለዋንጫ ይጫወታል። ይህ ለዓለም ዜና አይደለም፤ ሬዲዮ አያወራውም፣ ጋዜጣ አይጽፈውም። እኛን ግን ከሰኞ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶናል። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ እናነብና ምን እንዳነበብን አናውቅም፤ ካፌ ሽሮው ቀርቦ ወሬው ኳስ ነው፤ የዶርማችን መስኮት በተከፈተ ቁጥር ዓይናችን ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዝናብ ከጣለ ሜዳው ይጨቀያል፤ ሜዳው ከጨቀየ ያ ቀጭኑ ፈጣን አጥቂያችን ምን ሊሠራ ነው? ማክሰኞ ዕለት የአማካዩ ጉልበት አብጧል ተባለ፤ ረቡዕ ደኅና ነው ተባለ፤ ዛሬ ጧት እንደገና አብጧል። በወሬ የሚያብጥ፣ በወሬ የሚተነፍስ ጉልበት አይተን አናውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ክፍል ውስጥ «በሳይንስ ካልተረጋገጠ አልቀበልም» እያለ መምህር የሚያስጨንቀው ወዳጃችን እንኳ፣ ግማሽ ፍጻሜውን ባሸነፍንበት ቀን የለበሰውን ሹራብ እስከ ቅዳሜ አላጥበውም ብሎ ምሏል። ሹራቡ ከአሁኑ መሽተት ጀምሯል፤ እኛም ማን ያውቃል ብለን «እጠበው» የማለት ድፍረት አጣን።

ትናንት ማታ ይህንኑ ወሬ ስንፈትል አንዱ ጓደኛችን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለና እንዲህ አለ፦ «ለመሆኑ ምን አገባን? ኳሷን አንመታም፣ በር አንጠብቅም፣ አናሠለጥንም። ቢያሸንፉ ማርካችን አይጨምር፣ ቢሸነፉ ምሳችን አይቀር። ምን አገባን?»

ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ልብ አልን። ቅዳሜ ኳሷ መረብ ስትነካ አብደን የምንጮኸው ቃል ይኸው ራሱ ነው፦ «አገባን!» በጽሑፍ ቢያስቀምጡት ልዩነት የለውም፤ ፊደሉ አንድ፣ አነባበቡም አንድ ነው። በመጀመሪያው ራሳችንን ከነገሩ እናወጣለን፤ በሁለተኛው ያልመታናትን ኳስ መታን እንላለን። ይህ ጽሑፍ የተወለደው በሁለቱ «አገባን»ዎች መካከል ካለው ክፍተት ነው። የምንጠይቀውም ይህን ነው፦ ቲፎዞ «እኛ» የሚልበትን መብት ከየት አገኘው? ካገኘስ ምን ዕዳ አለበት?

መጀመሪያ ጭንቀቱን እንመርምር። በሮማውያን ዘመን የነበረ ኤፒክቴተስ የሚባል ፈላስፋ ነበር፤ ባርነትን በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው። ትምህርቱ ባጭሩ፣ በእጅህ ያለውንና በእጅህ የሌለውን ለይ የሚል ነው። ፍርድህና ፍላጎትህ ያንተ ናቸው፤ ሀብትህ፣ ዝናህ፣ የሌላው ሰው ሥራ ግን ያንተ አይደሉም፤ ልብህን እዚያ ላይ ከሰቀልክ፣ ጌታ ባይኖርህም ባሪያ ነህ። በዚህ ሚዛን ከተመዘንን ከቲፎዞ የባሰ ባሪያ የለም። ተጫዋቹ ይጨነቃል፣ ግን ይሮጣል፤ አሰልጣኙ ይጨነቃል፣ ግን ሰው ይቀይራል። ቲፎዞ ይጨነቃል፤ ጨርሶም እንደገና ይጨነቃል። የልቡን ሰላም በሌላ ሰው እግር ላይ አስሮ እግሩ ወደ ሄደበት ይንከላወሳል።

በ17ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ የኖረው ስፒኖዛ ደግሞ ተስፋና ፍርሃት የማይነጣጠሉ ናቸው ይላል፤ ሁለቱም የሚወለዱት ውጤቱ ካልታወቀ ነገር ስለ ሆነ፣ ተስፋ የሚያደርግ ሁሉ ይፈራል፣ የሚፈራም ሁሉ ተስፋ አለው። ይህን ለማረጋገጥ ቤተ መጻሕፍት መግባት አያስፈልግም፤ ዶርማችን መጥቶ ማየት ነው። «ሦስት ለባዶ እናሸንፋለን» ያለው ልጅ አፉን ሳይገጥም «ብቻ በጊዜ እንዳያገቡብን» ይላል። ስፒኖዛም ቢሆን በአእምሮው የሚመራ ሰው ከሁለቱም ለመላቀቅ እንደሚጥር ነው የሚያስተምረው።

ታዲያ እንላቀቅ? እዚህ ላይ ፈላስፎቹን በአክብሮት እናቁማቸውና ሌላ ምስክር እንጥራ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በተፈተንን ዕለት እናቶቻችን ምን ሲያደርጉ እንደ ዋሉ እናስታውስ። አንዷ ሻማ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ አንዷ ሶላት ላይ ተደፍታ ዋለች፤ አንዷ ቡና አፍልታ ሳትጠጣው በረደ። አንድም ጥያቄ አልመለሱልንም። ሆኖም «ምን አገባሽ?» ያላቸው ሰው የለም፤ ቢኖርም ነገሩ አይገባቸውም ነበር፤ እኛ የእነሱ ነበርንና። እንግዲያስ በእጃችን ስለሌለ ነገር መጨነቅ ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። የአንድ ሰው ወገን ስንሆን የምንከፍለው ግብር ነው። ከዚህ ጭንቀት ፈጽሞ ነጻ የወጣ ሰው ካለ፣ ምናልባት ወገን የሌለው ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ቲፎዞ በክርክሩ ረትቷል። ነገር ግን እናትና ቲፎዞ አንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። ፈተናውን ወድቀን ብንመለስ እናታችን በር ላይ ቆማ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አትለንም። ቲፎዞስ?

«ቲፎዞ» የሚለውን ቃል ያመጣነው ከጣልያንኛ ነው። ሥሩም «ቲፎ» ማለት ነው፤ ተስቦ፣ ያ በትኩሳት ሰውን የሚያስቀባጥረው በሽታ። ጣልያኖቹ ደጋፊን በበሽተኛ ስም ጠሩት። እውነታቸውን ነው፤ ነገሩ ያስቀባጥራል፣ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። በእኛ አገር ደግሞ ቃሉ ከስታዲየም ወጥቶ ስብሰባ ገባ፤ የሚባለውን ሳይሰማ ለሚያጨበጭብ ሰው «ቲፎዞ» እንላለን። የበሽታው ዋና ምልክት ግን፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ጩኸቱም ጭብጨባውም አይደለም። ምልክቱ ሰዋስው ላይ ነው የሚታየው።

ቡድናችን ሲረታ ምን እንላለን? «አሸነፍን»። ሲረታስ? «ተሸነፉ»። «ኧረ አይረቡም እኮ!» «አሰልጣኙ ኳስ አያውቅም።» ሲያገቡ «አገባን»፤ ሲስቱ «ሳቱ»። የእኛነታችን ክብደት ሁሉ የተንጠለጠለው በግሡ መጨረሻ ላይ በምትቀመጠው በ«ን» ላይ ነው፤ ይህችም አንዲት ፊደል ማሸነፍ ሲሆን ትመጣለች፣ ሽንፈት ሲሆን ትጠፋለች። የደስታ ቀን ዘመድ፣ የሐዘን ቀን ጎረቤት እንኳ ያልሆነች ፊደል!

ምሳሌ እንፈልግ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። አብዛኞቻችን ያኔ ገና ልጆች ነን፤ የምናስታውሰው የቤቱን ጩኸትና የአባቶቻችንን ትከሻ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመልሷል። ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፍን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ፣ አንድ ትውልድ አድጎ ወልዷል። በሰው ሜዳ ሦስት ጎል ስላገባን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ይበቃናል። አዳነ ግርማ አገባ፤ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረው ጎል ብልጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ታለፈ። ያን ቀን መንገድ ላይ «አለፉ» ያለ አንድ ሰው አልሰማንም። ያለፈው ሁሉም ሰው ነበር፤ ሊስትሮው አለፈ፣ ሚኒስትሩ አለፈ፣ ኳስ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን የማታውቅ አያታችንም አለፈች።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተገናኘን። ገና ጎል ሳይቆጠር ፔናልቲ ተሰጠን፤ ሳላዲን መታ፣ በረኛው አዳነበት። በኋላ የእኛ በረኛ በቀይ ወጣ፣ ጎልም ገባብን፤ በጎደሎ ሰው ግን አዳነ አስተካክሎ 1 ለ 1 ተለያየን። ያን ቀን የተባለውን ልብ በሉ፦ «አዳነ አገባልን»፣ «ነጥብ ተጋራን»፣ «ሳላዲን ፔናልቲ ሳተ»። ጥቅምት ላይ ከእኛ ጋር ያገባው ሳላዲን፣ ጥር ላይ ብቻውን ሳተ።

የዚያው ዓመት ሰኔ 9 ነገሩን ይብስ ግልጽ አደረገው። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረታን። አንዷን ጌታነህ ከበደ አገባ። ሁለተኛዋን ያገባው ግን በርናርድ ፓርከር የተባለው የእነሱ ተጫዋች ነው፤ በገዛ ጎሉ ላይ። ቀደም ብሎ ለአገሩ ያገባውም ራሱ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት አገር አገባ። እኛስ ምን አልን? «አገባን!» እንግዲህ ይህን እናስብበት፤ የባዕድን ሰው ስሕተት «ሥራዬ ነው» እስከ ማለት የሚለጠጠው «እኛ»፣ የራሱን ልጅ ስሕተት ለመሸከም ሲሆን ይኮማተራል።

«እኛ» ሲሰፋ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ደግሞ ሌላው ጥር 13 ይነግረናል። ከዛምቢያው ጨዋታ ልክ 51 ዓመት በፊት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ግብፆችን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ በላች። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ካፒቴን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያን። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ቡድን ተሰልፏል። ጠላት ከአገር ከወጣ 21 ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በስታዲየሙ ውስጥ በጣልያን ወረራ ወንድሙን ወይም አባቱን የቀበረ ሰው መቸም አይጠፋም። ያ ሰው የጣልያን ልጅ ዋንጫ ሲያነሣ «አሸነፍን» አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስብሰባና ዐዋጅ የማያመጡትን አንዲት «ን» አመጣችው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገር ከተባለ፣ ያ ካፒቴን በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወደ ጣልያን ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፈ። ዋንጫ ሲያነሣ የእኛ ነበር።

ከ«እኛ» የተባረረ ሰው ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1950 ሪዮ ላይ ብራዚል ከኡራጓይ ተጋጠመች። ለብራዚል አቻ መውጣት ይበቃታል፤ ገና ጨዋታው ሳይጀመር አገሩ በሙሉ ዋንጫውን በልቶ ጨርሷል። ጊጂያ የተባለው የኡራጓይ ተጫዋች በበረኛው በባርቦሳና በቋሚው መካከል ሁለተኛዋን አገባ፤ 2 ለ 1 አለቀ። አሥራ አንድ ሰው ተጫወተ፣ አገር ተሸነፈ፤ ዕዳው ግን በአንድ በረኛ ስም ተጻፈ። ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ለሃምሳ ዓመት፣ ያችን ጎል ተሸክሞ ኖረ። በአገሬ ሕግ ትልቁ ቅጣት ሠላሳ ዓመት ነው፣ እኔ ግን ሃምሳ ታሰርኩ እያለ ያማርር ነበር።

የኮሎምቢያው አንድሬስ ኤስኮባር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ ኳስ ለማውጣት እግሩን ሰነዘረ፣ በገዛ ጎሉ ላይ ገባች። እንደ ፓርከር መሆኑ ነው። ዐሥር ቀን ቆይቶ በተወለደበት በሜዴሊን ከተማ በጥይት ገደሉት፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር። እኛ የገዳይ ወገን አይደለንም፣ አንባቢም አይደለም። ዳሩ ግን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ኳስ ሜዳም እንደ ብቅል ነው። ጥይቱን የተኮሰው አንድ ሰው ቢሆንም፣ ሟቹን አስቀድሞ ከ«እኛ» ያወጡት ብዙ ነበሩ።

ነገሩ የሩቅ አገር ተረት እንዳይመስለን ወደ ራሳችንም እንይ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በአንዳንድ የፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች ላይ ብጥብጥ ተነሥቶ፣ የክለብ ስም የክልልና የብሔር ስም ሆኖ፣ ሰው ለመደጋገፍ በገባበት ሜዳ ድንጋይ ሲወራወር አይተናል፤ ጨዋታ ተቋርጧል፣ በገለልተኛ ሜዳ እንዲደረግም ተገድዷል። ከጥር 13 ቀን 1954 የወረስነው «ን» እዚያ ላይ ምን ሆነ? ሰፊ ነበረ፣ ጠበበ፤ ጠቦ ጠቦ «እነሱን» ከመጥላት በቀር ሌላ ትርጉም አጣ።

በዚህ ሁሉ መካከል በረኛ የተለየ ዕጣ አለው። አጥቂ ቢስት ሌላ ዕድል ያገኛል፤ የአማካይ ስሕተት በተከላካይ ይሸፈናል። የበረኛን ስሕተት የሚሸፍንለት የለም፤ ከኋላው ያለው መረብ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ አልቤር ካሙ በወጣትነቱ አልጀርስ ውስጥ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክለብ በረኛ ነበር፤ ስለ ሰው ልጅ ግብረ ገብ የሚያውቀውን ከኳስ እንደ ተማረ ይናገር ነበር። ምን ተምሮ ይሆን እያልን እንጠይቅ ነበር። አሁን በመጠኑ የገባን ይመስለናል፤ ምክንያቱም እኛም አንድ በረኛ ነበረን።

ዓምና በዚሁ ውድድር፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ፣ አቻ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀስ ብላ የተንከባለለች ኳስ በበረኛችን እግሮች መካከል ሾልካ ገባች። ሕፃን ልጅ ይይዛት ነበር። «ተሸነፍን» አላልንም፤ «አስበላን» አልን። እዚህ ቃል ላይም «ን» አለች፤ ነገር ግን አሁን እሱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ሆነናል። ማታውኑ አንዱ «ወንፊት» የሚል ስም አወጣለት። በማግስቱ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የወንፊት ፎቶ ተለጠፈ። ሳቅን። እሱም ሳቀ። ይህችን ነገር እንዳትረሳ እንጻፋት፤ እሱም ሳቀ፣ እኛም መሳቁን እንደ ይቅርታ ቆጠርነው። ሳምንት ቆይቶ ካፌ ሲገባ አንዱ ሳህኑን ይዞ እንደሚነፋ ሰው ነቀነቀው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ቀደም ብሎ ብቻውን ይበላ ጀመር። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲገባ ዶርም እንዲቀየርለት አመለከተ። ምክንያቱን «ለጥናት ጸጥታ ፈልጌ ነው» አለ። ጸጥታ የሚፈልገው ከማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም።

ዘንድሮ በሌላ በረኛ ተጫወትን። ግማሽ ፍጻሜው ሊያልቅ ሲል የዚህ ልጅ ጣት ተሰበረ። ሌላ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሰኞ ማታ አሰልጣኛችን ወደዚያኛው ሕንፃ ሄዶ የዓምናውን ልጅ ለመነው። እሺ አለ።

ከሰኞ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የነሣን ጉልበትና ዝናብ ነው ብለን ነበር። ዋሽተናል። አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር የምንፈራው ኳሷን አይደለም፤ ኳሷ እንደገና ብታልፍ ከአፋችን የሚወጣውን ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል። አንዱ ወዳጃችን አንሥቶታልም፦ «እና ምን ይሁን? የሠራውን ሰው እንዳናመሰግን፣ ያጠፋውን እንዳንወቅስ ነው? ወቀሳ ከሌለ ማን ይታረማል?» ትክክል ነው። ዝም በሉ አላልንም። ሆኖም ወቀሳ ሌላ፣ ማራገፍ ሌላ ነው። ወቀሳ «የት ላይ ተሳሳትን?» ብሎ ይጀምራል፤ ኳሷ በረኛው ዘንድ እስክትደርስ ድረስ አሥር ሰው እንዳለፈች ያያል፤ ዓምናም እንዲያ ነበር። ማራገፍ ግን የሁላችንን ሽንፈት ጠቅልሎ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይጭንና «በል እንግዲህ ይዘኸው ሂድ» ይላል። እናት ልጇን ትቆጣለች፤ አምርራም ትቆጣለች፤ ነገር ግን የምትቆጣው ቤት ውስጥ አስገብታ ነው።

ሌላው ደግሞ የከበደ ጥያቄ ጠየቀን፦ «የእኛ በረኛ እንዳይዋረድ ይህን ያህል ካሰብን፣ የእነሱ በረኛ እንዲስት መጸለይ ተገቢ ነው?» መልሱን ሙሉ በሙሉ አገኘነው አንልም። ኳሷ ከእጁ እንድታመልጥ እንመኛለን፤ አንመኝም ብንል ውሸት ነው፣ ያለዚያ ጨዋታ አይኖርምና። ግን እሱም ማታ የሚመለስበት ዶርም አለው፤ እዚያም ስም የሚያወጡ ጓደኞች አሉት። ስለዚህ ምኞታችን ኳሷ መረብ ላይ ስትደርስ ትቁም፤ ወደ ሰውየው አትሻገር። የእነሱ ልጅ ቢስት «አገባን» እንላለን፤ ስም ግን አናወጣለትም። በፓርከር ላይ ያልነውን ሳይሆን ያላልነውን አሁን እንማር ማለት ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። «ምን አገባን?» ላለን ጓደኛችን፦ አዎን፣ ኳሷን አንመታም። ወደ «እኛ» የምንገባበት ሌላ በር ስለሌለን የምንገባው በጭንቀቱ ነው። ያም ቢሆን ግማሽ ክፍያ ነው። ቀሪው የሚከፈለው ሽንፈት ሲመጣ «ተሸነፍን» በማለት ነው፤ ይህን ሊከፍል ያልተዘጋጀ ሰው «አሸነፍን» ማለቱ በሰው ሠርግ ላይ ሳይጠሩት በልቶ እንደ መሄድ ነው። ይህንንም ከጨዋታው በፊት የምንጽፈው ሆን ብለን ነው። ካሸነፍን በኋላ ቸር መሆን ቀላል ነው፤ ከተሸነፍን በኋላ ደግሞ ንዴቱ ይናገርልናል። ውጤቱ ገና ባልታወቀበት፣ ተስፋውና ፍርሃቱ እኩል በሆኑበት በዚህች ሰዓት የተገባ ቃል ግን የራሳችን ነው። ኤፒክቴተስም እዚህ ላይ አይጣላን ይሆናል፤ ጎሉ በእጃችን ባይሆንም አፋችን በእጃችን ነው።

ዛሬ ወደ ማታ አራት ሆነን ወደዚያኛው ሕንፃ ሄድን። መንገድ ላይ ምን እንደምንል ተለማመድን፤ ደረጃውን ስንወጣ ሁሉም ጠፋን። በሩን ከፈተ። አንዳችን «ስለ ዓምናው...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሁለተኛው «ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ አየንና ግቡ አለን፤ አልጋው ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። ይህን እንጻፈው ወይ ብለን ጠይቀነዋል፤ ስሜን አትጻፉ እንጂ ጻፉት ብሏል። ይቅር ብሏችኋል ወይ ለሚለን፣ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣውም፤ እኛም አላስገደድነውም። ቅዳሜ ከእሱ ጎል ኋላ እንደምንቆም ነገርነው። «ብትስትም» ሊል የነበረውን ልጅ በክርን ጎሸምነው።

ልንወጣ ስንል ልጁ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ወደ ውጭ እያየ፣ «ቅዳሜ ዝናብ ይጥል ይሆን እንዴ?» አለን። አምስታችንም አንገታችንን አውጥተን ሰማዩን አየን።